ከ40 ወደ 160 ኪሎ ሜትር፦ ፈረስ ለረጅም ርቀት ግልቢያ የሚበቃው እንዴት ነው?

አባቴ የአገው ምድር ሰው ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሰኛው ሲሰለፍ እያየ ያደገ ሰው፣ ፈረስ ማለት ሽምጥ ማለት ይመስለዋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ቨርጂኒያ መጥቼ ኢንዱራንስ የሚባለውን ግልቢያ እስካይ ድረስ። እዚህ ሰዎች በአንድ ቀን 160 ኪሎ ሜትር ይጋልባሉ። ያውም አብዛኛውን በሶምሶማ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳየው ደበረኝ። ፈረሱ ይመጣል። ውሃ ይደፉበታል። ሐኪም ልቡን ያዳምጠዋል። ድርቆሹን ይበላል፣ ተመልሶ ይሄዳል። “ይሄ ደግሞ ምኑ ነው ውድድር?” አልኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የራሴን ባዝራ ይዤ እዚያው የሐኪም ሰልፍ ላይ ስቆም ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር አለ። “ፈረሱ 40 ኪሎ ሜትር ከቻለ፣ ለምን ቀጥሎ 160 አይሞክርም?” የፈረስ ልብ፣ ሳንባና ጡንቻ በጥቂት ወራት ልምምድ ይበረታል። ጅማቱና አጥንቱ ግን ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ፈረሱ “እችላለሁ” እያለ፣ ደስ ብሎት እየሮጠ፣ እግሩ ገና ያልደረሰበት ጊዜ አለ። የማጣሪያ ደረጃዎቹ በዋናነት የሚያግዱት ፈረሱን ሳይሆን በዚያ ጊዜ የሚቸኩለውን ሰውዬ ነው።

ወረቀቱ ምን ይላል?

ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ኤፍኢአይ፣ መሰላል አለው። ፈረስ ወደ ዓለም አቀፍ ውድድር ከመግባቱ በፊት የጀማሪ ደረጃን ይጨርሳል። ከ40 እስከ 79 ኪሎ ሜትር ሁለት ጊዜ፣ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ደግሞ ሁለት ጊዜ። በዚህ ደረጃ የፍጥነት ጣሪያ አለ፤ ከዚያ በላይ የሮጠ ግልቢያ አይቆጠርለትም። ጋላቢውም የራሱን ማጣሪያ እንዲሁ ይሞላል። እዚህ ላይ ሁለቱ የግድ አብረው መጨረስ የለባቸውም።

ቀጥሎ ኮከቦቹ ይመጣሉ። ባለ አንድ ኮከብ ከ100 እስከ 119 ኪሎ ሜትር ነው። ባለ ሁለት ከ120 እስከ 139፣ ባለ ሦስት ከ140 እስከ 160። የታችኛውን ያልጨረሰ የላይኛውን አይነካም። ርቀቱ ሲጨምር የሚፈለገው የፈረስ ዕድሜም ይጨምራል። ደንቡ በየጊዜው ስለሚሻሻል የምትመዘገቡበትን ዓመት እትም አውርዳችሁ አንብቡ። የጓደኛ ወሬ አትመኑ፤ ጓደኛችሁ የሚያውቀው የዛሬ አምስት ዓመቱን ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሌላ መንገድም አለ። የአሜሪካ ኢንዱራንስ ግልቢያ ኮንፈረንስ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው የተቋቋመው። መፈክራቸው “መጨረስ ማሸነፍ ነው” የሚል ነው። እዚያ ከ25 እስከ 35 ማይል ያለው “ውስን ርቀት” ይባላል። ፈረሱ ቢያንስ 48 ወር ሊሞላው ይገባል። 50 ማይል፣ ማለትም 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለመሄድ ደግሞ 60 ወር። የኮከብ መሰላል የለውም፤ ማመዛዘኑ ለባለቤቱና ለሐኪሙ የተተወ ነው። ለ50 ማይል 12 ሰዓት፣ ለ100 ማይል 24 ሰዓት ይሰጣል፤ የግዴታ ዕረፍቱም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል።

በሁለቱም ዘንድ “ጨረሰ” የሚለው ቃል አንድ ትርጉም ነው ያለው። መስመሩን መርገጥ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ከመስመሩ በኋላ የመጨረሻው ምርመራ አለ። እዚያ የወደቀ ፈረስ አንደኛ ቢገባም አልጨረሰም፤ ለማጣሪያም አይቆጠርለትም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ብዙዎቹ አሸናፊዎች የዐረብ ፈረሶች ወይም የዐረብ ደም ያላቸው ናቸው። ቀጭን ናቸው፣ ቆዳቸው ስስ ነው፣ ሙቀት ቶሎ ያስወጣሉ። ግን ለ40 እና ለ80 ኪሎ ሜትር ጤነኛ እግር ያለው ማንኛውም ፈረስ ይበቃል። በቅሎም ይገባል፤ አሜሪካኖቹ በቅሎን አይከለክሉም። ሰጋር በቅሎ ያላት ሰው ብትኖር እኔ በቅናት ነው የምሞተው።

ክብደታችሁን ከነኮርቻው መዝኑ። የፈረሱን ክብደት አንድ አምስተኛ ባያልፍ ጥሩ ነው። 400 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ 80 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ኮርቻውን አስፈትሹ። በአንድ ሰዓት ግልቢያ የማይታይ መፋቅ በስምንተኛው ሰዓት ቁስል ይሆናል። ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ደግሞ ልቡ እንደ ሰዓት ቢመታም ይወገዳል።

የመጀመሪያው ዓመት፦ ቀስ ብሎ፣ ረጅም

ይህ ክፍል አሰልቺ ነው። እያወቅኩ ነው ረዘም ያደረግኩት፤ ሁሉም ሰው የሚዘለው እሱን ነው።

አጥንት ለአዲስ ሥራ ራሱን ሲያዘጋጅ መጀመሪያ አሮጌውን ይሸረሽራል፣ ከዚያ አዲሱን ይሠራል። በመካከሉ ደካማ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያ ጊዜ ደግሞ ጡንቻው ከሚፈረጥምበት፣ ፈረሱም “ልቀቀኝ” ከሚልበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ብዙ ወጣት ፈረስ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

እኔ የተከተልኩት እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ወጣሁ። ከ6 እስከ 10 ኪሎ ሜትር፣ አብዛኛው በእርምጃ፣ ጣል ጣል ያለ ሶምሶማ። ቀጥሎ የሶምሶማውን ድርሻ ጨመርኩ፣ ርቀቱን ሳልነካ። ከዚያ ርቀቱን ጨመርኩ፣ ፍጥነቱን ሳልነካ። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ፦ ርቀትና ፍጥነት አብረው አይጨመሩም። ዳገት ደግሞ እንደ ፍጥነት ይቆጠራል።

በሳምንት ወይም በአሥር ቀን አንዴ ረዘም ያለ ግልቢያ አድርጉ። በማግስቱ ዕረፍት። በየደረጃው ሁለት ሦስት ሳምንት ቆዩ። ፈረሱ ቤት አካባቢ 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር በሶምሶማ ሄዶ፣ በማግስቱ እግሩ ሳያብጥ፣ መኖውን ሳይተው ከተገኘ ለመጀመሪያው 40 ኪሎ ሜትር ደርሷል። ለእኔ ባዝራ ይህ ስምንት ወር ፈጀ። ጎረቤቴ በአራት ወር አደረሰ። የእሱ ፈረስ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ሥራ ላይ የነበረ፣ የዘጠኝ ዓመት ሰንጋ ነው።

ደንገላሳስ? አልፎ አልፎ ጥሩ ነው። ጡንቻ ይለዋወጣል፣ ፈረሱም ይደሰታል። ሽምጡን ግን ለእንጅባራ ተዉት።

የልብ ምትን በጆሮ መቁጠር

የሐኪም ማዳመጫ ግዙ። ርካሹም ይሠራል። በግራ በኩል ከክርኑ ጀርባ፣ የኮርቻው ማሰሪያ ከሚያልፍበት ትንሽ ፊት ለፊት አስገቡት። “ልብ-ዱብ” የሚል ድርብ ድምፅ ትሰማላችሁ። ያ አንድ ምት ነው። ጀማሪ ሁለት አድርጎ ይቆጥረውና “ፈረሴ ሊሞት ነው!” ብሎ ይጮኻል። እኔም ጮኬአለሁ።

ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። 15 ሰከንድ ቁጠሩና በአራት አባዙት። 16 ከቆጠራችሁ 64 ነው። 17 ከሆነ 68። በዚህ ስፖርት 64 የምትባለውን ቁጥር በሕልማችሁም ታዩዋታላችሁ። በኤፍኢአይ ውድድር ፈረሱ ከዙር እንደገባ በ15 ደቂቃ ውስጥ ልቡ ወደ 64 ወይም ከዚያ በታች መውረድ አለበት። በመጨረሻው ዙር 20 ደቂቃ ይሰጣል።

ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ጻፉት። እንደቆመ ስንት ነበር? ከ5 ደቂቃ በኋላ? ከ10 በኋላ? ደብተሩ ከወር በኋላ መናገር ይጀምራል። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በስምንት ደቂቃ ይወርድ የነበረው በሦስት ደቂቃ ሲወርድ ፈረሱ በርትቷል። ያለ ምክንያት ወደ ላይ ከወጣ ደግሞ አንድ ቦታ እያመመው ነው። የባዝራዬን የሰኮና መግል ያገኘሁት በደብተሩ ነው። ገና ማነከስ አልጀመረችም፤ ልቧ ግን አሥር ምት ጨምሮ ነበር።

የምርመራው በር ላይ

ውድድሩ በዙር የተከፈለ ነው። በኤፍኢአይ ደንብ አንድ ዙር ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ምርመራ፣ ከዚያ የግዴታ ዕረፍት።

አንዱን ምርመራ በቅርብ ልንገራችሁ። ባዝራዬ በላብ ረጥባ ገባች። ረዳቶቼ ኮርቻውን አወረዱ። ቀዝቃዛ ውሃ አንገቷ ላይ፣ ደረቷ ላይ፣ በእግሮቿ መካከል፣ ደጋግመው። “የሞቀ ፈረስ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይፈስም” የሚል የድሮ ፍርሃት አለ። እርሱት። ውሃው ቶሎ ስለሚሞቅ መደጋገም ነው ቁም ነገሩ። ማዳመጫው 60 ሲል ወደ ሐኪሟ ገባን።

ሐኪሟ ልቧን ቆጠረች። ከንፈሯን ገልጣ ድዷን በጣቷ ተጫነች፤ የነጣው ቦታ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሮዝ ሆነ። የአንገቷን ቆዳ ቆንጥጣ ለቀቀች፤ ወዲያው ተመለሰ። ውሃ ያነሰው ፈረስ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ይቆያል። ከዚያ ሆዷን በአራት ቦታ አዳመጠች። የፈረስ ሆድ ማጉረምረም አለበት። ዝም ካለ አንጀቱ ሥራ አቁሟል ማለት ነው፣ ይህ ደግሞ ቀልድ የለውም። በመጨረሻ ጀርባዋን ደባብሳ “በሶምሶማ አሳዪኝ” አለችኝ።

ሩጫውን ቤት ተለማመዱት። ገመዱን ላላ አድርጋችሁ ያዙ። ከትከሻው አጠገብ ሩጡ፤ ፊት ፊት እየሄዳችሁ አትጎትቱ። ወደ ኋላ ዞራችሁ አትዩት። ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ ስትመለሱ ፈረሱን ከእናንተ ወዲያ አዙሩት። ሐኪሙ የሚያየው ጭንቅላቱን ነው። የፊት እግሩን ያመመው ፈረስ ያ እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ይሰጣል። ገመዱን አጥብቃችሁ ከያዛችሁ ጤነኛውን ፈረስ አንካሳ ታስመስሉታላችሁ።

ሌላም ብልሃት አላቸው። ልቡን ይቆጥራሉ፣ ፈረሱ ሮጦ ይመለሳል፣ ሩጫው ከተጀመረ ልክ አንድ ደቂቃ ሲሆን እንደገና ይቆጥራሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር እኩል ወይም ያነሰ ከሆነ ፈረሱ ደህና ነው። ከአራት ምት በላይ ከዘለለ ሐኪሙ ግንባሩን ይቋጥራል። ያኔ ቀጣዩን ዙር ፍጥነት ቀንሱ። ሳይነገራችሁ።

ከ40 ወደ 80

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። የመጀመሪያውን 80 ኪሎ ሜትር ባዝራዬ አሥር ሰዓት ተኩል ፈጅቶባት ጨረሰች። ምርመራዎቹን ሁሉ አለፈች። እኔም አበጥኩ። ወር ሳይሞላ ሌላ 80 ኪሎ ሜትር አስመዘገብኳት። ያውም በስምንት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ልጨርስ ብዬ። ሁለተኛው ምርመራ ላይ ልቧ 56 ነበር። ሆዷ ያጉረመርማል። ሶምሶማ ላይ ግን ጭንቅላቷ ከፍ አለ። አንዴ፣ ሁለቴ። ሐኪሙ ምንም አላለም፤ እጁን ብቻ አነሳ። የጅማት ጉዳት ነበር። አምስት ወር አሳረፍኳት። ለአባቴ ደውዬ ስነግረው “አንቺ፣ ወሩ እንኳ ሳይሞላ?” ብሎ ዝም አለ።

ስለዚህ፦ ሁለት ወይም ሦስት የ40 ኪሎ ሜትር ግልቢያ ጨርሱ፣ ሁሉንም በዝግታ። የመጀመሪያው 80 በ40ው ፍጥነት ወይም በቀነሰ ይሁን። የተሰጣችሁ 12 ሰዓት ነው። ከዕረፍቱ ውጭ 11 ሰዓት ቢቀራችሁ፣ በሰዓት ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል እንኳ ይበቃል። ይህን ስሌት በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ አስገቡ። ሰው ሲያልፋችሁ አውጥታችሁ እዩት።

ከ80 ወደ 160

ከዚህ በኋላ የሚፈትነው ውሃ፣ ጨውና ሆድ ነው።

ፈረስ በሙቀት በሰዓት ከ10 እስከ 15 ሊትር ሊያልበው ይችላል። ላቡ ከሰው ላብ ይልቅ ጨዋማ ነው። ጨው ከውሃው ጋር አብሮ ስለሚወጣ ደሙ “ጠማኝ” የሚል መልእክት ቶሎ አይልክም። ብዙ ውሃ አጥቶ እንኳ ባልዲ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ኤሌክትሮላይት፣ ማለትም በላብ የወጣውን ጨው የሚተካው ድብልቅ፣ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ግን ተጠንቀቁ። ለሚጠጣ ፈረስ ብቻ ነው የሚሰጠው። ላልጠጣ ፈረስ ጨው ማጉረስ የቀረችውን ውሃ ወደ አንጀቱ ይስባል፤ ይብስበታል። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ጨው።

ድርቆሽ በየዕረፍቱ፣ ከጅማሬው በፊት ሌሊቱንም። ትልቁ አንጀት በድርቆሽ ሲሞላ የውሃ ጎተራ ይሆናል። በውሃ የራሰ ፉርሽካ ከካሮት ጋር ደግሞ የእኔ ባዝራ እምቢ ብላው አታውቅም። አጃ ብቻ አብልተው የሚመጡ አሉ። በስምንተኛው የግልቢያ ሰዓት የፈረሱ ሆድ ዝም ሲል ያኔ ይገባቸዋል።

እርጥበት ያለው ሙቀት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ላቡ አይተንም። እ.ኤ.አ. በ2018 ትራዮን፣ ሰሜን ካሮላይና ላይ የዓለም የፈረስ ስፖርት ጨዋታዎች የኢንዱራንስ ውድድር በሙቀትና በእርጥበት ምክንያት ተጀምሮ ተሰርዟል። ዓለም ላይ ምርጥ የተባሉት ፈረሶች ናቸው እዚያ የነበሩት።

አቡ ዳቢና ዱባይ ያላችሁ ይህን ስፖርት “ቁድራ” በሚለው ስሙ ሳትሰሙት አትቀሩም። በረሃው ሜዳ ነው፣ ፍጥነቱ አስፈሪ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ኤፍኢአይ የኤምሬትስን ፌዴሬሽን በፈረስ ደኅንነት ጉዳይ ለወራት አግዶ ነበር። እዚያው አቡ ዳቢ ውስጥ ቡጢብ ላይ ግን ሌላ ዓይነት ውድድር ተሞከረ። የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፣ የልብ ምቱ ወሰን ደግሞ 56። ከ64 ወደ 56 መውረድ ምን ማለት እንደሆነ በማዳመጫ የቆጠረ ያውቀዋል። እኔ ብሆን በየትም አገር ይህን ነበር የማደርገው።

160ውን ለመሞከር ቢያንስ ሁለት ሙሉ የውድድር ዓመት ከኋላችሁ ይኑር። በካሊፎርኒያ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው ቴቪስ ካፕ በአንድ ቀን 100 ማይል ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ከሩብ ይጀመራል፣ 24 ሰዓት አለው፣ በአብዛኛው ዓመት ከሚጀምሩት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው የሚጨርሱት። የመጨረሻው ክፍል በሌሊት ነው። ፈረስ በጨለማ ከእኛ በተሻለ ያያል። የራስ መብራታችሁን አጥፉና እመኑት። ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ከውድድሩ በኋላ

ኤፍኢአይ ዕረፍቱን በሕግ አስሮታል። ርቀቱ ሲጨምር ቀኑ ይጨምራል፤ ከ146 ኪሎ ሜትር በላይ ለሄደ ፈረስ 33 ቀን ነው። አንክሶ ከተወገደ ይራዘማል፣ ሕክምና ካስፈለገው ደግሞ የበለጠ። በአሜሪካው መንገድ እንዲህ ያለ የቀን ቆጠራ የለም። የድሮ ጋላቢዎች በየአሥሩ ማይል አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ይላሉ። እኔ እጥፍ አደርገዋለሁ። የአምስት ወሩን ቅጣት አልረሳሁትማ።

በማግስቱ ጠዋት፣ መኪና ላይ ከመጫናችሁ በፊት፣ ባዝራችሁን አውጧት። አራቱንም እግር ከጉልበት በታች በእጃችሁ ዳስሱ። የሞቀ ቦታ አለ? ያበጠ? ጀርባዋን በሁለት ጣት ጫን ጫን አድርጉ፤ ዝቅ ካለች ኮርቻው ነክቷታል። ከዚያ ገመዱን አላልታችሁ ሃያ ሜትር በሶምሶማ ሩጡ። ሐኪም የለም፣ የሚያጨበጭብ የለም። ጭንቅላቷን ብቻ እዩ።